ዲስኩን ከማስፋቅዎ በፊት ከጀርባው ያለውን ይዩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ሐረማያ፣ የምሠራው ድሬዳዋ ነው። ዓመት ያልሞላው ኤሌክትሪክ መኪና አለኝ፤ የሄደው 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ ከ80 በላይ እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም እግሬን ቱክ ቱክ እያደረገ ይገፋኛል። ከ40 በታች ምንም የለም። አንዱ መካኒክ ‹የደንገጎ ቁልቁለት የፍሬኑን ዲስክ አቃጥሎ አጣሞታል፣ ቶርኖ ቤት ይፋቅ› አለ። ሌላው ሸራ ቀይር ይላል። ሦስተኛው ባላንስ አሠራኝ፤ ለውጥ የለም። የሸጠልኝ ድርጅት ፍሬን በዋስትና አይሸፈንም ብሎኛል። በ6 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ የፊት ጎማ ተበስቶ ከማስለጠፌ በቀር መኪናው ተነክቶ አያውቅም። ምን ላድርግ? እስኪሠራስ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ብትወርድበት ችግር አለው?»

አንድ ነገር ላስቀድም። ዲስኩን ማንም እንዳይነካው። አይፋቅ፣ አይቀየር። መጀመሪያ ይለካ።

ዋናውን ፍንጭ የነገሩኝ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተራ ነገር ነው። ጎማው ተፈቷል። አዲስ መኪና ላይ ፍሬን ሲርገበገብ መጀመሪያ የምጠይቀው «ጎማው መቼ ተፈታ?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «ከጥቂት ወራት በፊት» ነው። ሰው ግን ሁለቱን ነገሮች አያገናኛቸውም፤ መሃላቸው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር አለ። ጎማው የተለጠፈ ዕለት መሪው ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ያኔውኑ ተመልሰው ጎሚስታውን ይይዙት ነበር። ይህ በሽታ ግን እንደዚያ አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

«ተጣሟል» የሚለውን ቃል እናስተካክለው። ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ፍሬን ሲያዝ ሁለቱ ሸራዎች ከግራና ከቀኝ የሚጨብጡት ክብ ነገር ነው፤ በቅርጽ ከፈሰሰ ወፍራም ብረት የተሠራ ነው። እሳት አጠገብ እንደተረሳ የፕላስቲክ ሳህን በቀላሉ አይጎብጥም። ፍሬን የሚያርገበግበው በአብዛኛው የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው። አንዱ ቦታ ከሌላው በ0.02 ሚሊ ሜትር ቢወፍር እግርዎ ያውቀዋል። ይህ የሰው ፀጉር ውፍረት ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይዳሰስም። ወፍራሙ ቦታ በሁለቱ ሸራዎች መሃል ሲያልፍ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ ይመልሳል። ፒስተኑ የፍሬን ዘይቱን፣ ዘይቱ ፔዳሉን ይገፋል። ስሱ ቦታ ሲመጣ ደግሞ ይላላል። ያ ነው እግርዎን ቱክ ቱክ የሚያደርገው።

በ80 እየተሰማዎት በ40 የሚጠፋውም በዚሁ ነው። ጎማዎ አንዴ ሲዞር ወደ 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ80 ፍጥነት በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ ምት መሪውና ጎማውን የያዙት ብረቶች በተፈጥሯቸው ከሚወዛወዙበት ፍጥነት ጋር ሲገጥም ጎልቶ ይሰማል። በ40 ምቱ በሰከንድ አምስት ተኩል ነው። ችግሩ ያው አለ፤ መሪው አይመልስለትም እንጂ።

ታዲያ ዲስኩ ለምን ወፍራምና ስስ ሆነ? አብዛኛው ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዲስኩ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የሚዞር ብረት) ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል። አጥብቀው የሚይዙት የጎማው ዳዶዎች ናቸው። ሁለቱ የሚነካኩበት ፊት ላይ ዝገት ወይም አሸዋ ከገባ፣ ወይም ዳዶዎቹ እኩል ካልጠበቁ፣ ዲስኩ ትንሽ ዘመም ብሎ ይቀመጣል። ሲዞርም ወዲህ ወዲያ ይዋልላል። ሞዞው ዳር የገባች 0.05 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቆሻሻ፣ ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ርቀቱ ስለሚያጎላት እጥፍ ትሆናለች። በርካታ አምራቾች የሚፈቅዱት መዋለል ደግሞ 0.05 አካባቢ ነው። ገና ከመነሻው ታልፏል ማለት ነው።

መዋለሉ መጀመሪያ ላይ አይሰማም። ሸራዎቹን የያዘው ካሊፐር ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊ ስለሆነ አብሮ ወዲህ ወዲያ ይላል። ነገር ግን ፍሬን ሳይዙ በሚነዱበት ጊዜ ሁሉ ዲስኩ የዘመመበት ቦታ በዞረ ቁጥር ሸራውን ይልሰዋል። በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ። እርስዎ ጎማውን ካስለጠፉ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደዋል፤ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ማለት ነው። ሁሌም ያው ቦታ ነው የሚታሸው። ያ ቦታ ይሳሳል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። አንድ ቀን እግርዎ ያውቀዋል።

ጎሚስታው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መስቀለኛውን መፍቻ አስገብቶ በእግሩ ይቆምበታል፣ ያ ነው የለመደው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢቆምበት ወደ 220 ኒውተን ሜትር ያጠብቃል። አብዛኛው የቤት መኪና የሚፈልገው ከ100 እስከ 140 ነው። ይባስ ብሎ አንዱን ዳዶ ጥርቅም አድርጎ ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ተሻግሮ በኮከብ ቅርጽ ማጥበቅ የለም። በአየር የሚሠራው ማሽን ያላቸው ትልልቅ ቤቶችም ከዚህ አይሻሉም። እንዲያውም ማሽኑ ምን ያህል እንደጠበቀ ለእጅ ስለማይሰማ የባሰ ነው።

አንዴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዲስክ ያስቀየረ ደንበኛ መጣልኝ። በየጊዜው አዲስ ዲስክ፣ አዲስ ሸራ። ለሦስትና ለአራት ወር ሰላም ይሆናል፣ ከዚያ ይመለሳል። ዲስኩን አውርጄ ሞዞውን ሳየው ዳሩ ላይ ጤፍ የምታህል የዝገት ቅርፊት ተደፍጥጣ ተጣብቃለች። በሽቦ ብሩሽ ጠረግኳት። ሰውየው ለዲስክ ያወጣውን ሲያስበው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ደንገጎስ? ሙሉ በሙሉ ነፃ አላደርገውም። ግን መካኒክዎ ያሰበው ዓይነት ጥፋት አይደለም የሚያጠፋው። ከሐረማያ እስከ ድሬዳዋ ከ800 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት አለ። ሰው ጭኖ 1,900 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ሲወርድ ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ይዞ ይወርዳል። ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይበሉታል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የቀረውን አብዛኛውን በሞተሩ ይዞ ወደ ባትሪ ይመልሰዋል፤ ሪጄን የሚባለው እሱ ነው። ግን ባትሪው ሞልቶ ከሆነ የት ያስገባዋል? ቦታ የለም። ሪጄን ይዳከማል ወይም ይጠፋል፣ ሸክሙ በሙሉ ዲስክና ሸራ ላይ ይወድቃል። እርስዎ ሌሊቱን ቤትዎ 100 በመቶ ሞልተው ጠዋት በቀጥታ ቁልቁለቱን የሚጀምሩ ከሆነ፣ ከማንም የነዳጅ መኪና ባልተናነሰ ፍሬንዎን እያጋሉት ነው። የነዳጁ መኪና ቢያንስ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ያሠራዋል።

የጋለ ዲስክ ሁለት ነገር ሊደርስበት ይችላል። የመጀመሪያው፣ ቁልቁለቱን ጨርሰው ከተማ መግቢያ ላይ ፍሬኑን ረግጠው ሲቆሙ፣ የጋለው ሸራ ከራሱ ላይ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ይለጥፋል። እንደ ማኅተም። አውቶ ሆልድ የሚባለውን ቁልፍ የሚወዱ ሰዎች እግራቸውን ስላነሱ ብቻ ሸራው የለቀቀ ይመስላቸዋል፤ አልለቀቀም፣ መኪናው ነው የያዘላቸው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ከባድ ነው። የዲስኩ አንድ ቦታ ከ650 ዲግሪ በላይ ከጋለ ብረቱ ራሱ ጠባዩን ቀይሮ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታይበታል። ይህን ቶርኖ አያድነውም። ጥንካሬው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ቢፋቅም ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ካዩ ዲስኩ ይጣል።

ሌላ የምጠረጥረው ነገር ዝገት ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የሚገቡት ኤሌክትሪክ ናቸው። ባሕር ተሻግረው፣ ጅቡቲ ጨዋማ አየር ውስጥ ሰንብተው፣ ከዚያም ሻጭ ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ቆይተው ነው እጃችን የሚገቡት። በሸራው ሥር ያለው የዲስክ ክፍል እርጥበት ይዞ ከሌላው በተለየ ይዝጋል። የነዳጅ መኪና ቢሆን ፍሬኑ በየቀኑ ስለሚሠራ ዝገቱን ጠርጎ ይጥለዋል። የኤሌክትሪኩ ግን ሥራውን ሪጄን ስለሚወስድበት ሸራው ዲስኩን ጠበቅ አድርጎ ሳይዘው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። «ፍሬን አልጨረሰም» ብለን የምንደሰትበት ነገር ይህም ጣጣ አለው። በእርስዎ መኪና ላይ ግን ዝገት ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይሰማዎት ነበር። ስለዚህ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው የማስቀምጠው።

አሁን ራስዎ የሚያደርጉት ሙከራ። ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ጭር ያለ ሜዳ መንገድ ይምረጡ፤ የደወሌው መንገድ ጥሩ ነው፣ ደንገጎ በፍጹም አይሆንም። ከኋላ መኪና አለመኖሩን ይዩ። በ90 እየሄዱ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው (ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ነዳጅስ የለውም) ያንሱና በሪጄን ብቻ ይቀንሱ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ፍሬን አይደለም፤ ጎማ፣ ቸርኬ ወይም የእግር ክፍል ነው። ካልተንቀጠቀጠ እንደገና ወደ 90 ያድርሱ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ ያድርጉና ፍሬኑን መጠነኛ አድርገው ይያዙ። በኒውትራል ሪጄን አይሠራም፣ የሚይዘው ዲስክና ሸራው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከተርገበገበ ጥርጣሬው ዲስኩ ላይ ጸና ማለት ነው። የሚንቀጠቀጠው መሪው ከሆነ የፊት ዲስክ ነው፤ መሪው ጸጥ ብሎ ወንበርዎ ከተርገበገበ የኋላ። ባላንስ ለውጥ ያላመጣው ለምን እንደሆነም ከዚህ ይገባዎታል፤ የባላንስ ችግር ፍሬን ሳይያዝም ያንቀጠቅጣል።

የድሮ መካኒኮች የኋላውን ለመለየት የእጅ ፍሬን ቀስ አድርገው ይስባሉ። እርስዎ ይህን እንዳይሞክሩ። የእርስዎ የእጅ ፍሬን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ ከሆነ መኪናው አደጋ ጊዜ እንደሆነ ቆጥሮ በሙሉ ኃይሉ ሊያቆምዎት ይችላል። ደግሞም በድንገተኛ ረገጣ ጊዜ ወይም ጠጠር ላይ የሚሰማው ፈጣን «ትርርር» ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የኤቢኤስ ሥራ ነው፤ ጤናማ ነው።

ከዚያ ወደ ጋራዥ። የሚመርጡት ጋራዥ ሁለት መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፦ ባለ ሰዓት መለኪያና ማይክሮሜትር። የሌለው ከሆነ አመስግነው ይውጡ፤ በዓይን አይቶ «ተጣሟል» የሚል ሰው ገምቶ ነው የሚያወራው። ጎማው ይወልቅና ዳዶዎቹ ተመልሰው ዲስኩን በልኩ ያጠብቁታል። ሰዓቱ ከዲስኩ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ይደገናል፣ ዲስኩ በእጅ ይዞራል፣ መዋለሉ ይነበባል። ቀጥሎ ውፍረቱ ዙሪያውን ስምንት ቦታ በማይክሮሜትር ይለካል። ቁጥሮቹን በወረቀት ያጽፉ። ዲስኩ ከመውረዱ በፊት እሱና ሞዞው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ፤ ከወረደ በኋላ ሁለቱም ፊቶች ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ተጠርገው እንደገና ይለካ። አሁንም የሚዋልል ከሆነ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙሮ መሞከር ይቻላል። በዚህ ብቻ የሚስተካከል ስንት አለ! ካልሆነ ግን ሞዞው ራሱና ኩሽኔታው ይታዩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው፤ ክሪክ የሚገባው መመሪያው ባሳየው ቦታ ብቻ ነው። ባትሪው ሥር ክሪክ ከገባ ከፍሬኑ የበለጠ ጉዳት ይዘው ይመለሳሉ። ካሊፐሩም ሲወርድ በሽቦ ይታሰር እንጂ በጎማ ቧንቧው አይንጠልጠል።

ልኬቱ ምን ቢል ምን ይደረጋል? የውፍረት ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና ዲስኩ ላይ የሸራ ማኅተም ከታየ፣ ሞዞውን አጽድቶ በልኩ ማጥበቅና ሸራና ዲስኩን እንደገና ማላመድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማላመድ ማለት ጭር ባለ ሜዳ ላይ ከ60 ወደ 15 ገደማ፣ ሳይቆሙ፣ ጠንከር አድርጎ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ መያዝ ነው። በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል መንዳት፣ ሲጨርሱም ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ማቀዝቀዝ አለ። በእርስዎ መኪና ኒውትራል ላይ ካልተደረገ ሪጄን ይቀማዎታል።

ልዩነቱ ከ0.02 ካለፈ ወይ መፋቅ ነው ወይ መቀየር። መፋቁን የምደግፈው መኪናው ላይ እንዳለ በሚፍቅ ማሽን ከሆነ ነው፤ ዲስኩ ከራሱ ሞዞ ጋር ተስማምቶ ይስተካከላል። አውርዶ ቶርኖ ቤት መውሰድ ግን ዲስኩን ከቶርኖው ጋር ነው የሚያስማማው። ሲመለስ ሞዞው ላይ ያለችው ቆሻሻ እዚያው ትጠብቀዋለች። ደግሞ ዲስኩ ላይ የታተመ ዝቅተኛ ውፍረት አለ፤ ከዚያ በታች የተፋቀ ዲስክ ሙቀት አይችልም፣ ለደንገጎ ደግሞ በፍጹም። በአካባቢዎ መኪና ላይ የሚፍቅ ማሽን ካላገኙ ሁለቱንም የፊት ዲስኮች ከነሸራቸው ይቀይሩ። አንዱን ብቻ አይደለም። አዲሱም ከመገጠሙ በፊት ላዩ ላይ የተቀባው የዝገት መከላከያ ዘይት ይታጠብ፣ ከተገጠመ በኋላም መዋለሉ ይለካ። ሸራ ብቻ ይቀየር ያለዎት ሰው ገንዘብዎን ያስጥልዎታል፤ አዲስ ሸራ በአሮጌ ማኅተም ላይ ለሳምንት ያህል ይሸሸገዋል እንጂ አይፈውሰውም።

ስለ ዋስትናው። ሸራና ዲስክ በአብዛኛው አላቂ ዕቃ ተብለው ከዋስትና ይወጣሉ፤ ሻጩ ይህን ነው የሚነግርዎት። ማለቅና የአሠራር ወይም የመገጣጠም ጉድለት ግን አንድ አይደሉም። የዋስትና ደብተሩ ላይ ይህ ልዩነት መጻፉን ይዩ፣ ከዚያ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ «መዋለሉና ውፍረቱ ይለካልኝ» ብለው ያመልክቱ። ሞዞው ራሱ የሚዋልል ከሆነ ክርክሩ ወደ እርስዎ ያጋድላል። እውነቱን ለመናገር ጎማው ውጭ መፈታቱን ሊያነሱብዎት ይችላሉ፤ ያም ቢሆን ልኬቱን ያገኛሉ። ይህ ሁሉ ግን ዲስኩ ካልተፋቀ ነው። ቶርኖ ቤት ከገባ ማስረጃውም አብሮ ተፋቀ።

ሁለተኛ እንዳይመለስ ቶርክ መፍቻ (ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ መፍቻ) ገዝተው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ጎሚስታው በእጁ ብቻ ለስለስ አድርጎ ያስገባና መጨረሻውን እርስዎ በኮከብ ቅርጽ፣ በመመሪያው ልክ ያጥብቁ። መጀመሪያ ይስቅብዎታል፤ ይሳቅ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ አንዴ ይድገሙት። ባትሪውን በሥራ ቀን 80 አካባቢ ላይ ያቁሙት፣ ለቁልቁለቱ ቦታ ይተርፋል። ባትሪዎ ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት ከሆነ አምራቹ በየጊዜው 100 እንዲሞላ ሊመክር ይችላል። ያን ለማይወርዱበት ቀን፣ ለእሑድ ያድርጉት። መኪና ካሳጠቡ በኋላ ሳያቆሙት ጥቂት ነድተው ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ያዝ አድርጉት፣ ይድረቅ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፦ ፔዳሉ ጠንካራ ከሆነ፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ካልሳበ፣ የብረት መፋጨት ድምፅ ከሌለና መብራት ካልበራ፣ ለሳምንት ያህል እስኪለካ ቢነዳ አያሰጋም። ቁልቁለቱን በጠንካራው የሪጄን ደረጃ ትውረድ፤ ፍሬኑን ረዘም ላለ ጊዜ እያሻሸች ሳይሆን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እየለቀቀች። ታች ስትደርስ እጇን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ታስጠጋ፣ አትንካቸው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ካሊፐሩ ይዞ አልለቅም ብሏል። ያን ጊዜ፣ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች መስመጥ ከጀመረ፣ መኪናው እዚያው ይቁም፤ ልጆቹ በሌላ መኪና ይመለሱ።